በአገር ውስጥ ለሚሠራ የቤንዚን ረዳት ሰልባትዮ ስለሚመረጠው ዕቃ

ማናቸውም ፈሳሽ ለጠባዩ የሚስማማ ማኖሪያ እንደሚያስፈልገው ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ማር፥ ቅቤ ወይም ዘይት ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ስለ ሸቀጡ ጥራት የሚጨነቀውን ያህል ስለ ማኖሪያውም ይጨነቃል፤ ክፉ ማኖሪያ መልካሙን ሸቀጥ እንደሚያበላሸው ያውቃልና። በቤንዚን ረገድ ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። በማኖሪያው ምርጫ የሚደረገው ስሕተት የሚያስከትለው ኪሣራ የሸቀጥ መበላሸት ብቻ ሳይሆን የአውቶሞቢል መቃጠልና የሰው ሕይወት መጥፋት ሊሆን ይችላል።

ይህን ጉዳይ በዚህ ጊዜ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ በ2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፥ ቀድሞ የገቡትን አውቶሞቢሎች በጥገና እያደሱ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ለብዙ ባለንብረቶች ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ሞተሩ ያረጀበት ሰው ሌላ ሞተር ያስገጥማል፤ የተበላሸውንም ክፍል በጋራዥ ያሠራል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ላሜራ፥ ቱቦ፥ ጓርኒሲዮንና ልዩ ልዩ መለዋወጫ የሚገዛው ከአስመጪዎችና ከባለሱቆች ነው። ስለዚህ ለየትኛው ሥራ የትኛው ዕቃ እንደሚስማማ ማወቅ የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የሻጩም ተግባር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የመረጥነው በጋራዥ የሚሠራውን የቤንዚን ረዳት ሰልባትዮ ነው።

ረዳት ሰልባትዮ ምንድን ነው?

ካርቡራተር ባለው ሞተር ቤንዚኑ በመጀመሪያ ወደ ካርቡራተሩ ትንሽ ጎድጓዳ ክፍል ገብቶ ይጠራቀማል። ይህ ክፍል ለጥቂት ጊዜ የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ፥ ፓምፑ ለአንድ አፍታ አየር ቢስብም ሞተሩ ወዲያው አይታወክም። በኢንጄክሽን የሚሠራው ሞተር ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ቤንዚኑ በተለመደው ዓይነት ኢንጄክሽን 3 ባር በሚያህል ግፊት ሳያቋርጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ለካርቡራተር የሚሠራው ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ባር ያነሰ ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ ለካርቡራተር በተሠራ አውቶሞቢል ላይ የኢንጄክሽን ሞተር ሲገጠም ችግር ይነሣል። አሮጌው ሰልባትዮ ቤንዚኑን ከመሳቢያው አጠገብ የሚያቆይ ክፍል በውስጡ ላይኖረው ይችላል። በዚህ ምክንያት ቤንዚኑ በጎደለ ጊዜ አውቶሞቢሉ ዳገት ሲወጣ፥ ቁልቁለት ሲወርድ ወይም በኩርባ ሲዞር ፈሳሹ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን ሸለቆ ወርዶ የወጣ ሰው፥ በዚያ ባለ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሞተር ድንገት መጥፋት ምን ዓይነት አደጋ እንደሚያመጣ ለመገመት አይቸገርም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በእንግሊዝኛ ስሙ ሰርጅ ታንክ የተባለው ረዳት ሰልባትዮ ነው። ይዘቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሊትር ሲሆን፥ ቁመቱ ረዘም ስፋቱ ጠበብ ያለ ነው። አነስተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከዋናው ሰልባትዮ እየሳበ ይሞላዋል፤ ኃይለኛው የኢንጄክሽን ፓምፕ ደግሞ ከግርጌው ይስባል። ሞተሩ ሳይጠቀምበት የተመለሰው ቤንዚን ከላይ በኩል ይገባል፤ ሞልቶ የተረፈውም በአናቱ ባለው ቱቦ ወደ ዋናው ሰልባትዮ ይመለሳል። በዚህ አሠራር ረዳቱ ሰልባትዮ ምንጊዜም ሙሉ ስለሚሆን፥ በዋናው ውስጥ ያለው ቤንዚን ለጥቂት ሰከንድ ቢሸሽም ሞተሩ አይቋረጥም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ከፍተኛው ግፊት የሚገኘው ከኢንጄክሽን ፓምፑ በኋላ ባለው መስመር ላይ እንጂ በረዳቱ ሰልባትዮ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ዕቃው የሚመረጠው በውፍረቱና በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ እንዳይበላ፥ እንዳይሰነጠቅና ቤንዚኑን እንዳያበላሽ ተብሎ ነው።

ማኖሪያውን የሚያጠቁት 3 ነገሮች

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል፥ ከአየር እርጥበትም ሆነ ከማደያ የመጣው ውሃ ከግርጌ ይተኛል። ከውሃው በላይ ያለው ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ግርጌው ሊበላ ይችላል። ቤንዚኑ ከኤታኖል ጋር የተቀላቀለ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይጨምራል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከመቶ 5 እጅ ያህል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መጠኑ ወደ 10 እጅ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ውሃን ይስባል። ከመቶ 10 እጅ ኤታኖል ባለበት ቤንዚን ውስጥ ውሃው ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ ሲያልፍ፥ ኤታኖሉና ውሃው ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህ ከግርጌ የተኛ ቅልቅል ለብረታ ብረትም ለጎማም ከቤንዚኑ የከፋ ነው። ሰልባትዮ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ፥ ዛሬ ለሚቀዳው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ነገ ሊመጣ ለሚችለውም ታስቦ መመረጥ አለበት።

ሁለተኛው ንዝረት ነው። ሞተሩና ኮረኮንቹ መንገድ ያለማቋረጥ የሚያናውጡት ዕቃ፥ አንድ ጊዜ በመመታት የማይሰበር ቢሆንም እንኳ ውሎ አድሮ በብየዳው ጠርዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከሞተሩ ዞሮ የሚመለሰው ቤንዚን ሞቆ ይመጣል፤ ረዳቱ ሰልባትዮ ትንሽ ስለሆነም ፈጥኖ ይግላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በዚህ ምክንያት ቤንዚን በደጋ ባነሰ ሙቀት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎቱ በአናት በኩል መውጫ ካላገኘ የፓምፑን ሥራ ያውካል።

የብረታ ብረቱ ምርጫ

1ኛ. የማይዝግ ብረት። ቁጥር 304 የተባለው ዓይነት ከመቶ 18 እጅ ገደማ ክሮሚየምና 8 እጅ ገደማ ኒኬል ያለበት ሲሆን፥ ቤንዚንም ሆነ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን አይጎዳውም። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል፤ ንዝረትንም በደንብ ይችላል። ብየዳው ግን በአርጎን ጋዝና በሠለጠነ እጅ መከናወን አለበት፤ ከውስጥ በኩልም ጋዙ ካልደረሰው የብየዳው መስመር ጠቁሮና ሻካራ ሆኖ በዚያው በኩል መበላት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ለነጋዴዎች ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በገበያ ላይ «የማይዝግ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቁጥር 201 የተባለው ዓይነት ኒኬሉ ተቀንሶ በምትኩ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ስለሆነ ዋጋው ይረክሳል፤ ዝገትን የመቋቋም ኃይሉም ያንሳል። በማግኔት መፈተንም ሁለቱን አይለይም፤ 201ም 304ም እንደ ተራ ብረት በማግኔት አይሳቡምና። የሚለያቸው ከፋብሪካው ጋር የሚመጣው የምስክር ወረቀት ወይም የቅመም ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ አስመጪው ይህን ወረቀት ከላኪው ጠይቆ መያዝና ለቸርቻሪውም ቅጂውን መስጠት ይኖርበታል።

2ኛ. አሉሚኒየም። ክብደቱ የብረት ሢሶ ገደማ ስለሆነና ሙቀትን በቶሎ ስለሚያስተላልፍ በብዙ አገር ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ማግኒዚየም ያለበት ቁጥር 5052 ለነዳጅ ማኖሪያ ተስማሚ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል። ቁጥር 6061ም ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በሙቀቱ ምክንያት ከጥንካሬው ብዙውን ያጣል። መዳብ የበዛበት የአሉሚኒየም ዓይነት ግን ለእርጥበት ስለማይመች መጠቀም አይገባም። ከምናለሽ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚገኝ ዓይነቱ ያልታወቀ ቁራጭ አሉሚኒየም ለድስት ክዳን ሊሆን ይችላል፤ ለቤንዚን ግን አይሆንም። የነሐስ ማገናኛም በቀጥታ በአሉሚኒየም ላይ ሲታሰር ውሃ ባለበት ቦታ አሉሚኒየሙ ቀድሞ ይበላል፤ ስለዚህ ማገናኛውም ከአሉሚኒየም ቢሆን ይሻላል። አሉሚኒየም በንዝረት ለመሰንጠቅ ከብረት ይልቅ ስለሚፈጥን፥ ማሰሪያው ከጎማ ትራስ ጋር መሆን አለበት።

3ኛ. ተራ ላሜራ። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ብየዳውም ለማንኛውም በያጅ ቀላል ነው። ጉድለቱ ከውስጥ መዛጉ ነው። የኢንጄክሽን መርጫ ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ በመሆናቸው፥ ከግርጌ የተነሣ የዝገት ብናኝ በመጀመሪያ ፊልትሮውን፥ ቀጥሎም ፓምፑንና መርጫውን ያበላሻል። የአውቶሞቢል ፋብሪካዎችም ይህን በመረዳት ለብዙ ዘመን የሰልባትዮ ላሜራቸውን በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ይለብጡ ነበር፤ ከዚያም እርሳስ ለጤና ጎጂ በመሆኑ ወደ ሌላ ልባስና ወደ ፕላስቲክ ተሻግረዋል። ተራ ላሜራ የግድ ከሆነ፥ ከግርጌው ውሃ ማውጫ ቡሎን ሊኖረው፥ ከፓምፑ በፊት ፊልትሮ ሊገባበትና በየጊዜው ሊመረመር ይገባል። ውስጡን በተራ ቀለም መቀባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ቤንዚን ቀለሙን አላቆ መስመሩን ይደፍናልና።

4ኛ. ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ። የሚያብረቀርቅና የማይዝግ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ገዢዎች ይመርጡታል፤ ለቤት ክዳንም መልካም ነው። ለነዳጅ ግን የሚስማማ አይደለም። ውሃና ኤታኖል ዚንኩን እየበሉ ነጭ ደለል ያወጣሉ፤ ደለሉም ፊልትሮ ይዘጋል። ከዚህም በላይ በብየዳ ጊዜ ዚንኩ ከመጋጠሚያው ላይ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ፥ መከላከያው በሚፈለግበት ቦታ አይገኝም። ጭሱም በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስይዘዋል።

5ኛ. መዳብ። ለመታጠፍና ለመጣበቅ ቀላል ቢሆንም፥ መዳብ ቤንዚን ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ መሰል ዝቃጭ እንዲያወጣ ያፋጥናል። በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል የተጣበቀ መጋጠሚያም በ200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ፥ ትንሽ እሳት በተነሣ ጊዜ ሰልባትዮው ተከፍቶ እሳቱን ይመግበዋል።

ስለ ፕላስቲክና ስለ ፋይበር ግላስ

ፋብሪካዎች የፕላስቲክ ሰልባትዮ ይሠሩ የለምን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ይሠራሉ። ነገር ግን ያ ፕላስቲክ ቤንዚን እንዳያሳልፍ በመካከሉ ልዩ ንጣፍ የገባበት፥ ወፍራምና ለዚሁ ሥራ የተፈተነ ነው። የምግብ ዘይት ወይም ውሃ የመጣበት ጀሪካን በስም አንድ ቢመስልም በሥራ አንድ አይደለም፤ የቤንዚኑ እንፋሎት ቀስ በቀስ ያልፍበታል፤ ሙቀት ሲያገኘውም ለስልሶ ማገናኛዎቹ ይላላሉ። የውሃ መስመር የሚዘረጋበት ፒ ቪ ሲ ቱቦም ቤንዚን ሲነካው ቅርጹንና ጥንካሬውን ያጣል። ፋይበር ግላስን በተመለከተ፥ በአሜሪካ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር መቀላቀሉ በተስፋፋ ጊዜ፥ ቀድሞ በተሠሩ የጀልባ ሰልባትዮዎች ላይ ኤታኖሉ ማጣበቂያውን እያሟሟ ሞተሮችን እስከ ማበላሸት ደርሷል። ይህ ለእኛም ትምህርት ሊሆነን ይገባል።

ቱቦና ማሸጊያ

መልካም ሰልባትዮ በክፉ ቱቦ ይጠፋል። ቤንዚን የሚፈሰው በሠንሠለት ነው፤ ሠንሠለትም የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት በኩል ነው። ተራ የጎማ ቱቦና የራዲያተር ቱቦ በቤንዚን ያብጣሉ፤ የሲሊኮን ቱቦም እንፋሎቱን ያሳልፋል። ለቤንዚን በተለይ የተሠራው ቱቦ በጀርባው ላይ ደረጃው ታትሞበት ይገኛል። ኤስ ኤ ኢ 30 አር 7 የተባለው ለአነስተኛ ግፊት፥ ማለት ከዋናው ወደ ረዳቱ ሰልባትዮ ለሚሄደውና ለተመላሹ መስመር የሚውል ነው። 30 አር 9 የተባለው ለኢንጄክሽን ግፊት የሚበቃ ሲሆን፥ ኤታኖልንም ይችላል። ፓምፑ በነዳጁ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ከሆነ ግን 30 አር 10 የተባለው ያስፈልጋል፤ ሌሎቹ ከውስጥ እንጂ ከውጭ በኩል ቤንዚን እንዲነካቸው አልተሠሩምና።

ለጓርኒሲዮንና ለቀለበት ናይትራይል የተባለው ጎማ ለተራ ቤንዚን ይበቃል፤ ቫይተን በሚል የንግድ ስም የታወቀው ግን ለኤታኖልም ለሙቀትም ይበልጥ የታመነ ነው። ተራ የሲሊኮን ማሸጊያ በቤንዚን ስለሚላቀቅ ለዚህ ሥራ መሸጥ አይገባም።

አሠራሩና ፈተናው

ረዳት ሰልባትዮ ከአዲስ ዕቃ ብቻ ይሠራል። ቤንዚን ይዞ የነበረ ማናቸውም ጣሳ፥ በርሜል ወይም አሮጌ ሰልባትዮ በጋራዥ ፈጽሞ መበየድ የለበትም። «ባዶ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አታልሏል። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱም ከአየር ጋር ከመቶ ከ1.4 እስከ 7.6 እጅ ሲቀላቀል ለመፈንዳት ዝግጁ ነው። ስለዚህ በቤንዚን ከተሞላው ይልቅ ባዶው ይበልጥ ሊፈነዳ ይችላል። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድም በወለል ላይ ተኝቶ እስከ ሩቅ ብልጭታ ድረስ ይጓዛል።

ሥራው ሲያልቅ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው፥ ከ0.3 ባር ያልበለጠ አየር ተሰጥቶት፥ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና ውሃ ይፈተናሉ። አረፋ የወጣበት ቦታ በቤንዚን ከመሞላቱ በፊት ይታረማል። ከብየዳው የተረፈው ብናኝ ከውስጡ በደንብ ታጥቦ መውጣት አለበት። ሲገጠምም ከጭስ ማውጫው የራቀ፥ ከተሳፋሪው ክፍል በግድግዳ የተለየና ከአውቶሞቢሉ አካል ጋር በኤሌክትሪክ ሽቦ የተያያዘ ይሁን። ሞተሩ በጠፋ ጊዜም ፓምፖቹ እንዲቆሙ መደረግ አለበት፤ አለዚያ በግጭት ጊዜ ፓምፑ ቤንዚን ወደ እሳቱ ያፈሳል።

ስለ ዋጋ

«ርካሹ ካልሆነ ገዢ አይገኝም» የሚል ነጋዴ ቢኖር የሚከተለውን ስሌት እንዲመለከት እንጋብዘዋለን። ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ረዳት ሰልባትዮ 2 ሊትር ያህል ይይዛል። ግድግዳው፥ ክዳኑና ወለሉ ሲደመሩ የሚፈጁት ላሜራ ከአንድ ካሬ ሜትር ዐሥረኛው እጅ እንኳ አይሞላም። በ1.5 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ሲሠራ የዕቃው ክብደት 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ፥ በ3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሲሠራ ደግሞ 0.8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ትንሽ መጠን ላይ በመልካሙና በክፉው ላሜራ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከፓምፖቹ፥ ከቱቦውና ከበያጁ ድካም ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ገዢውን ወደ ክፉው ዕቃ የሚገፋው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ላሜራ ካልገዛ መልካሙን ማግኘት አለመቻሉም ነው። እንግዲህ የተቆረጠ ላሜራ ቁጥሩንና ውፍረቱን በግልጽ ጽፎ በኪሎ ወይም በልክ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ ለገዢው መፍትሔ ሲሰጥ ለራሱም አዲስ ገበያ ያገኛል።

የነጋዴው ድርሻ

በመጨረሻም ከላይ የተመለከተውን በአጭሩ እናጠቃልለዋለን። በአርጎን የሚበይድ ሠለጠነ ባለሙያ ካለ 304 የማይዝግ ብረት ይመረጥ፤ ክብደት መቀነስ ከተፈለገ 5052 አሉሚኒየም ይሁን፤ ሁለቱም ካልተገኙ ተራ ላሜራ ከፊልትሮና ከውሃ ማውጫ ጋር ለጊዜው ያገለግል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ፥ መዳብ፥ ጀሪካንና ፒ ቪ ሲ ለዚህ ሥራ አይሰጡ።

የተከበራችሁ አስመጪዎችና ባለሱቆች፥ በሽያጭ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ ብትጠይቁ መልካም ነው፦ ዕቃው ለምን ሥራ ነው? ምን ዓይነት ፈሳሽ ይነካዋል? የሚገጥመውስ ማን ነው? ገዢው «ለቤንዚን ነው» ካለ፥ የማይስማማውን ዕቃ ምክንያቱን ነግሮ አለመሸጥ ለጊዜው ትንሽ ትርፍ ሊያስቀር ይችላል። ነገር ግን ያንን ዕቃ ይዞ የሚጓዘው አውቶሞቢል አባወራና ልጆች የሚሳፈሩበት ነው። ከሱቁ የወጣ ላሜራና ቱቦ በደኅና አገልግሎ ገዢው ለሌላ ሥራ ተመልሶ ሲመጣ፥ ነጋዴው ያተረፈው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በገበያ ዘንድ ከገንዘብ የሚበልጠውን መታመንም ይሆናል።